በኩፖን ስኳር የገዛ ሰው የሚስቅባቸው ፊልሞች

ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ልብስ መስፋት ከጀመርኩ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። «ልብስ ሰፊ ስለ ፊልም ምን አገባት?» ለሚለኝ ሰው መልሴ አጭር ነው፤ ፊልም ውስጥ ያሉት ሰዎች ሁሉ ልብስ ለብሰዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ሆሊውድ የሠራቸውን፣ ዛሬ ግን ዞር ብሎ የሚያያቸው ያጡትን አስቂኝና ሙዚቃዊ ፊልሞች የወደድኳቸው በኮታቸው በኩል ገብቼ ነው። እናንተም በየትኛው በኩል ብትገቡ እንደሚሻል ላሳያችሁ።

የእኔ አገባብ መጀመሪያ ላይ አልሰመረም። ሱቄ ውስጥ ሥራ የምትለማመደው የእህቴ ልጅ አንድ ቅዳሜ ማታ «ዘ ሞር ዘ ሜሪየር» የተባለ ፊልም በፍላሽ አምጥታ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካችው። እ.ኤ.አ. በ1943 የወጣ ነው፤ ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው። ዋናዋ ተዋናይት ጂን አርተር ብቅ ስትል የጃኬቷ ትከሻ ከበሩ የሚሰፋ መሰለኝ። «ይህን የቆረጠ ሰው መቀሱን ይቀሙት» አልኩ። ከእሷ በኋላ የመጡት ሁሉ አጫጭርና ድቡልቡል ሲሆኑብኝ ግን ጥፋቱ የቆራጩ እንዳልሆነ ገባኝ። የዚያ ዘመን ፊልም ምስሉ ወርዱ ከቁመቱ የሚበልጠው በአንድ ሦስተኛ ገደማ ብቻ ነው። የዛሬ ቴሌቪዥን ደግሞ ሰፊ ስለሆነ ባዶ ቦታ ላለመተው ምስሉን ግራና ቀኝ ይጎትተዋል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድማችሁ የቴሌቪዥኑን ማስተካከያ ከፍታችሁ የምስሉን መጠን 4 በ3 አድርጉት። በጎንና በጎን ጥቁር ቦታ ይቀራል፤ ይቅር። የእህቴ ልጅ ስታስተካክለው ጃኬቱ ልክክ ብሎ የተሰፋ ሆኖ አገኘሁት። የማላውቀውን ቆራጭ በልቤ ይቅርታ ጠየቅሁ።

ሁለተኛው ዝግጅት ሻይ ሳይፈላ የሚያልቅ ነው። ፊልሙ የወጣበትን ዓመት እዩና በዚያ ዓመት አሜሪካ ውስጥ ምን ጠፍቶ እንደነበር አስቡ። አሜሪካ ጦርነቱ ውስጥ የገባችው በ1941 ታኅሣሥ ነው። በ1942 መጀመሪያ የመኪና ጎማ፣ በግንቦት ስኳር፣ በዓመቱ መጨረሻ ቡናና ቤንዚን በራሽን ሆኑ። በ1943 ጫማና ሥጋ ተከተሉ። የሴቶች ስቶኪንግ የሚሠራበት ሐርና ናይለን ለፓራሹት ስለተፈለገ ከገበያ ጠፋ፤ ሴቶች ባዶ እግራቸው ላይ የስፌቱን መስመር በእርሳስ ያሰምሩ ነበር። በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ ግማሹ ቀልድ የተንጠለጠለው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሰው ቡናው ውስጥ ሦስት ማንኪያ ስኳር ሲጨምር ካሜራው ለምን ቆም እንዳለ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተማረው የጎረቤቴ ልጅ አልገባውም። እኔ ግን በደርግ ጊዜ ከኅብረት ሱቅ ስኳርና ሳሙና በኩፖን ለመግዛት ከንጋቱ ጀምሮ ድንጋይ አስቀምጬ ወረፋ የያዝኩ ሰው ነኝ። ገብቶኛል። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም ለዚሁ ነው። ስለነዚህ ፊልሞች «ቀላል፣ ጊዜ ማሳለፊያ» የሚሉ ሰዎች እጥረት የማያውቁ ይመስሉኛል። እኛ አገር የኖረ ሰው ግን ቀልዱ ከመነገሩ በፊት ደርሶበት ይጠብቃል።

በየትኛው ትጀምሩ? በዚያው «ዘ ሞር ዘ ሜሪየር» ጀምሩ፤ ስሙ «ሰው ሲበዛ ይደምቃል» እንደ ማለት ነው። ታሪኩ የደባል ታሪክ ነው። በጦርነቱ ምክንያት ዋሽንግተን በመንግሥት ሠራተኛ ተጨናንቃ ማደሪያ ጠፍቷል። ጂን አርተር የቤቷን ግማሽ ለማከራየት ጋዜጣ ላይ ታስነግራለች፤ የምትፈልገው ሴት ደባል ነው። ቻርልስ ኮበርን የሚጫወተው ሽማግሌ ከበሩ ላይ የተሰለፈውን ሰው ሁሉ «ቤቱ ተይዟል» ብሎ ያሰናብትና እሱ ራሱ ይገባል። (ኮበርን በዚህ ሚና የኦስካር ሽልማት አግኝቷል፤ ሲያንሰው ነው።) ከዚያ የራሱን ግማሽ መልሶ ለሁለት ይከፍልና ወደ አፍሪካ ለመዝመት ጥቂት ቀን ለቀረው ወታደር ያከራያል። ባለቤቲቱ ሳታውቅ!

እዚህ ፊልም ውስጥ ቀስ ብላችሁ የምታዩት ነገር የጠዋቱን ፕሮግራም ነው። ልጅቷ ለሽማግሌው እሷ በስንት ሰዓት መታጠቢያ ቤት እንደምትገባ፣ እሱ በስንት ሰዓት ቡና እንደሚያፈላ በደቂቃ ከፋፍላ ትነግረዋለች። ሽማግሌው አንገቱን እየነቀነቀ ይሰማል። በማግሥቱ ጠዋት ሁሉም ነገር ይዘበራረቃል። ቀልዱ ያለው ግን መውደቅና መነሣቱ ላይ አይደለም፤ ሽማግሌው ፕሮግራሙን ለማክበር ከልቡ መጣሩ ላይ ነው። እኔ ትምህርት እንደጨረስኩ ከሁለት ልጆች ጋር በአንድ ክፍል ደባል ነበርኩ። አንድ መስታወት፣ አንድ መታጠቢያ ሳህን፣ አንድ ቁልፍ ነበረን። እኛም ተራ አውጥተን ግድግዳ ላይ ለጥፈን ነበር። ተራውን ያወጣችው ልጅ ናት መጀመሪያ ያፈረሰችው።

አሁን ወደ ፊልሙ መገባደጃ ተሻገሩና ሁለቱ ወጣቶች በየክፍላቸው የተኙበትን ትዕይንት ጠብቁ። በዚያ ዘመን ሆሊውድ ራሱን በራሱ የሚቆጣጠርበት ጥብቅ የሳንሱር ደንብ ነበረው፤ ያልተጋቡ ሰዎችን አንድ አልጋ ላይ ማሳየት የሚታሰብ አልነበረም። ዳይሬክተሩ ጆርጅ ስቲቨንስ ምን አደረገ? አልጋዎቹን ከአንድ ስስ ግድግዳ ግራና ቀኝ አስጠጋና ካሜራውን ውጭ አቁሞ በመስኮቶቹ በኩል አሳየን። ግድግዳው ከውጭ ሲታይ ቀጭን መስመር ብቻ ነው፤ ሁለቱ አንድ ላይ የተኙ ይመስላሉ። ደንቡ አልተጣሰም፤ ሁላችንም ግን ያየነውን አይተናል። የእህቴ ልጅ «አክስቴ፣ ይህማ ሰምና ወርቅ ነው» አለች። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አላውቅም። የዚያን ዘመን ኮሜዲ ስታዩ ሰሙን ለሳንሱሩ ተዉለትና ወርቁን ፈልጉ።

ወርቁን እስከ ጫፍ የወሰደው ሰው ዳይሬክተሩ ፕሬስተን ስተርጀስ ነው። «ዘ ሚራክል ኦቭ ሞርጋንስ ክሪክ» የተባለው ፊልሙ በ1942 መጨረሻ መቀረጽ ጀምሮ ለሕዝብ የታየው በ1944 ነው። አንዲት የትንሽ ከተማ ልጅ ለዘማቾች መሸኛ ግብዣ ሄዳ፣ ስትጨፍር አናቷን ተመትታ፣ ሲነጋ ሌሊት እንዳገባች ብቻ ታስታውሳለች። ባልዋ ማን እንደሆነ ግን አታውቅም። ከዚያም ታረግዛለች። ይህ ታሪክ በዚያ ሳንሱር ውስጥ እንዴት ሾለከ ብላችሁ እየተገረማችሁ ትስቃላችሁ። ምክሬ ሁለት ጊዜ እዩት ነው። ሰዎቹ እንደ ጥይት ይናገራሉ፤ አንዱ ሳይጨርስ ሌላው ይቀጥላል፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ጊዜ የግርጌ ጽሑፉን ክፈቱና ታሪኩን ብቻ ተከተሉ። በሁለተኛው ጊዜ ጽሑፉን አጥፉና የልጅቷን አባት ብቻ ተመልከቱ። ፖሊስ ሆኖ የሚጫወተው ዊልያም ዴማረስት ነው። ሰው ለመርገጥ እግሩን ሲያነሣ ራሱ በጀርባው ይዘረጋል። ስተርጀስ እንዲህ ያሉ ደጋፊ ተዋንያንን ከፊልም ወደ ፊልም ይዞ ይዞር ነበር፤ አንድ ሁለቱን ካያችሁ በኋላ ፊታቸውን እንደ ሰፈራችሁ ሰው ትለዩአቸዋላችሁ። መጨረሻውን አልነግራችሁም፤ ቀድማ የነገረችኝን ደንበኛ ቀሚሷን አንድ ሳምንት አዘግይቼባታለሁ።

አሁን ወደ ጨርቁ። በ1942 የአሜሪካ የጦር ምርት ቦርድ የሴቶች ልብስ ስንት ጨርቅ ሊወስድ እንደሚችል ደንብ አወጣ። የቀሚስ ዘርፍ እጥፋት ከ2 ኢንች እንዳይበልጥ፣ የእጅጌ ቅልብስ እንዳይኖር፣ ከላይ የሚለጠፍ ኪስ እንዳይደረግ፣ ሽንሽኑ እንዲቀንስ። የሙሽራ ቀሚስ ከደንቡ ነፃ ከወጡት መካከል ነበር፤ እዚያም ሙሽራን የሚዳፈር ባለሥልጣን አልተገኘም። ለቤት ማሠሪያም እንዲሁ ገደብ ነበረ፤ አንድ ፊልም ለትዕይንት ማሠሪያ የሚገዛው አዲስ ዕቃ ከ5,000 ዶላር እንዳያልፍ ተወሰነ። ስቱዲዮዎቹ አሮጌውን ደረጃ፣ አሮጌውን በር እያደሱ ይጠቀሙ ጀመር። ስለዚህ አንድን የ1941 ፊልምና አንድን የ1943 ፊልም በተከታታይ ማታዎች እዩና ጉርድ ቀሚሱን አስተያዩ። ያኛው ሲዞሩበት ይንሳፈፋል፤ ይኼኛው ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ጠበብ ያለው ጉርድ፣ ያጠረው ጃኬት፣ ጌጥ ያጣው አንገትጌ ሰፊው ስላላወቀ የመጣ አይደለም። ጨርቅ አንሶት ሥራውን ያላሳነሰ ሰው እጅ ይታያችኋል። እኔ በበኩሌ ሰፊነቴን የማከብረው ጨርቅ ሲትረፈረፍ አይደለም፤ ደንበኛ ሁለት ሜትር ተኩል የሚፈልገውን በሁለት ሜትር አምጥታ «እንደምንም አድርጊልኝ» ስትለኝ ነው።

ስለ ጸጉርም አንድ ነገር ልበል። ቬሮኒካ ሌክ የምትባል ተዋናይት ጸጉሯን በአንድ ዓይኗ ላይ ትለቀው ነበር፤ «አይ ሜሪድ ኤ ዊች» ውስጥ ጠንቋይ ሆና ስትጫወት አይቼ እኔም ልቤ ተሰርቋል። አገር ምድሩ ሴት ሁሉ እሷን መምሰል ጀመረ። ከዚያ ሴቶች የጦር ፋብሪካ ገቡ፤ የተለቀቀ ጸጉር ማሽን ሊይዘው ስለሚችል መንግሥት አበጣጠሯን እንድትለውጥ ጠየቃት፣ እሷም እሺ አለች። ይህን ካወቃችሁ በኋላ ቢሊ ዋይልደር በ1942 የሠራውን «ዘ ሜጀር ኤንድ ዘ ማይነር» እዩ። አንድ የጭፈራ ምሽት አለ፤ የመጡት ልጃገረዶች በሙሉ አንድ ዓይናቸው ተሸፍኗል። ካሜራው ወደ አስተማሪያቸው ዞር ይላል፤ እሷም! የእህቴ ልጅ ለምን እንዲህ እንደሳቅሁ ስትጠይቀኝ «ጸጉርሽን እሰሪ፣ መዘውሩ ይይዝሻል እያልኩ ስንት ጊዜ ነገርኩሽ?» አልኳት።

በዚያው ፊልም መጀመሪያ ላይ ጂንጀር ሮጀርስ ወደ አገሯ መመለሻ ብላ ያስቀመጠችው ገንዘብ የባቡር ዋጋ ጨምሮ ስለማይበቃት የልጅ ግማሽ ዋጋ ለመክፈል ትወስናለች። መታጠቢያ ቤት ገብታ ሊፕስቲኳን ትጠርጋለች፣ ጸጉሯን ሁለት ጉንጉን ትሠራለች፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆና ትወጣለች። ሐዋሳ መናኸሪያ ውስጥ እግሩ መሬት የሚነካ ልጅ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው «ገና ሕፃን ነው» የሚሉ እናቶችን ያየ ሰው ትኬት ቆራጩ ሲጠራጠር የሚያሳየውን ፊት ያውቀዋል።

ሙዚቃዊ ፊልሞቹ ሌላ ዓይነት ትዕግሥት ይፈልጋሉ። ታሪክ አትጠይቋቸው። ታሪኩ ልብሱን የሚይዝ መስቀያ ነው፤ መስቀያ ደግሞ ማንም አያደንቅም። ብዙዎቹን በአንድ ምሽት መጨረስ የለባችሁም፤ በሁለት ማታ ክፈሏቸው። የወታደሮች መዝናኛ ቤት ውስጥ ታዋቂ ሰው ሁሉ ተራ በተራ እየወጣ የሚዘፍንባቸውን ፊልሞች ለመጀመሪያ ጊዜ አትምረጡ። ግማሹን ሰው ስለማታውቁት የማታውቁት ቤት ሠርግ ላይ እንደ መቀመጥ ይሆንባችኋል።

«ስቶርሚ ዌዘር» ግን ዛሬውኑ ይታይ። በ1943 በትዌንቲዝ ሴንቸሪ ፎክስ የተሠራ፣ ተዋንያኑ ጥቁር አሜሪካውያን የሆኑበት፣ ከ80 ደቂቃ ያነሰ ፊልም ነው። ዳንሰኛው ቢል ሮቢንሰን፣ ዘፋኟ ሊና ሆርን፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ የሞተው ፒያኖ ተጫዋች ፋትስ ዋለር፣ የባንድ መሪው ካብ ካሎዌይ ሁሉ አሉበት። ካሎዌይ የሚለብሰውን ሱፍ ሳይ ፊልሙን አስቁሜ ተጠግቼ ቆጠርኩ። ኮቱ ጉልበት ይደርሳል፣ ትከሻው ተሞልቷል፣ ሱሪው ጉልበቱ ላይ እንደ ጆንያ ሰፍቶ ቁርጭምጭሚት ላይ ይሰበሰባል። ዙት ይባላል። እኔ ለአንድ ሰው ሙሉ ሱፍ የምቆርጥበት ጨርቅ ለእሱ ከኮቱ ብዙ አያልፍም። በዚያ ጊዜ በጨርቁ ገደብ ምክንያት እንዲህ ያለ ሱፍ መስፋት ክልክል ነበር። ፊልሙ ከመውጣቱ አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ በ1943 ሰኔ፣ ሎስ አንጀለስ ውስጥ መርከበኞችና ወታደሮች ይህን ልብስ የለበሱ፣ አብዛኞቹ የሜክሲኮ ተወላጅ የሆኑ ወጣቶችን መንገድ ላይ እየደበደቡ ልብሳቸውን ይገፉ ነበር። ይህን አውቃችሁ ስታዩት ካሎዌይ እየተውረገረገ ሲገባ የምታዩት ሱፍ ብቻ አይሆንም።

መጨረሻው አካባቢ ሁለቱ የኒኮላስ ወንድማማቾች፣ ፋያርድና ሃሮልድ፣ ይመጣሉ። በሙዚቀኞቹ መሐል ዘልለው ትልቅ ደረጃ ላይ ይወጣሉ። ከዚያ አንዱ በሌላው አናት ላይ እየዘለለ፣ ባረፈ ቁጥር እግሩን ግራና ቀኝ ከፍቶ መሬት እየነካ፣ በእጁ ሳይደገፍ እየተነሣ ደረጃውን ይወርዳሉ። ሰው ሁሉ እግራቸውን ያያል። እኔ ያየሁት ሱሪያቸውን ነው። ሱሪ የሚቀደደው ሁልጊዜ እዚያ፣ ከእግር መገናኛው ላይ ነው፤ ሐዋሳ ውስጥ ስንት ሙሽራ በጭፈራ መሐል ሱሪው ተተርትሮ ኮት ታስሮለት ወደ ሱቄ እንደመጣ እኔ አውቃለሁ። የእነዚያን ሱሪ የሰፋው ሰው ስሙ በፊልሙ መግቢያ ላይ የለም።

ሊና ሆርንን በሌሎች ፊልሞች ስታገኟት አንድ ነገር አስተውሉ። «ታውዘንድስ ቺር» ውስጥ ለምሳሌ ብቅ ብላ ትዘፍናለች፣ ትሄዳለች፤ ከዋናዎቹ ተዋንያን ጋር ታሪክ የላትም። እንዲህ የተደረገው በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ያሉ ሲኒማ ቤቶች ጥቁር ተዋናይት ያለችበትን ክፍል ቆርጠው ማውጣት እንዲችሉ ነው። በእኛ ቋንቋ ተወስውሳ ነው የተያያዘችው፤ አልተሰፋችም። ክሩ ሲሳብ ቀሚሱ ሳይበላሽ ትወጣለች። ሌላም አስቀያሚ ነገር ያጋጥማችኋል። በ1942ቱ «ሆሊዴይ ኢን» ውስጥ ነጮቹ ፊታቸውን ጥቁር ተቀብተው ይዘፍናሉ። ልጆች አብረዋችሁ ካሉ ዝም ብላችሁ አትለፉት፤ አስቁሙና ምን እንደሆነ ንገሯቸው፣ ከዚያ ቀጥሉ።

ከሁሉም የተረሱት ዩኒቨርሳል የተባለው ስቱዲዮ በርካሽ ያመረታቸው የዶናልድ ኦኮነርና የፔጊ ራያን ፊልሞች ናቸው፤ «ሚስተር ቢግ» አንዱ ነው። ከአንድ ሰዓት ብዙም ስለማይበልጡ መብራት ሳይጠፋ ያልቃሉ። ኦኮነር አሥራ ስምንት ሲሞላው ጦር ሠራዊት እንደሚወስደው ስለታወቀ ስቱዲዮው ፊልሙን በላይ በላዩ አስጨርሶ አከማቸ። እሱ ካምፕ ሆኖ ፊልሞቹ መውጣት ቀጠሉ። ድካሙ አይታይበትም።

የቀረው ድባቡ ነው። ብቻችሁን አትዩ። እነዚህ ፊልሞች የተሠሩት ለሞላ አዳራሽ ነው፤ ከቀልዱ በኋላ የሚመጣው ዝምታ ሰው ስቆ እስኪጨርስ የተተወ ቦታ ነው፤ ብቻውን የተቀመጠ ሰው ግን «ምነው ቀዘቀዘ» ይላል። እኛ ቅዳሜ ማታ አራት አምስት ሆነን ከአሞራ ገደል የመጣ የዓሣ ኮተሌት ይዘን እንቀመጣለን። ጅራታም ኮት የለበሱት ዳንሰኞች ሲንጎራደዱ ከመካከላችን አንዱ ሳይቀር «አባ ኮዳ መጣ!» ይላል፤ ሐይቁ ዳር የዓሣ ትርፍራፊ የሚጠብቀውን ያን ወፍ ያየ ሰው አይፈርድብንም።

«መጨረሻ» የሚለው ጽሑፍ ሲመጣም ለማጥፋት አትቸኩሉ። በብዙዎቹ ላይ ከዚያ ቀጥሎ ተመልካቹ የጦርነት ቦንድ በዚያው ሲኒማ ቤት እንዲገዛ የሚጠይቅ ጽሑፍ ይወጣል። ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ጽሑፉን አንብባ «ስቀው ሲጨርሱ ገንዘብ ይጠየቁ ነበር ማለት ነው?» አለችኝ። ተነሣሁና የማሽኑን መሳቢያ ከፈትኩ። ከቁልፍ ቆርቆሮው ሥር፣ በላስቲክ ጠቅልዬ ያስቀመጥኩት የሕዳሴ ግድብ ቦንድ ወረቀት አለ። አውጥቼ ሰጠኋት። ጫፉ ላይ የማሽን ዘይት ፈስሶበታል፤ እሱን በጣቷ እያሸች ለረጅም ጊዜ አየችውና ቀጣዩን ፊልም ከፈተች።